ዘመም ያለ ፊደል ጌጥ አይደለም

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ተማሪዬን የቤተ ሙከራ ዘገባ ሳርም ከመጨረሻው ገጽ ስደርስ ቀዩን እስክሪብቶ አንሥቼ አንድ መስመር ላይ ትልቅ የስሕተት ምልክት አደረግሁበት። ሙከራው የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ በአንድ ስፕሪንግ ላይ ልዩ ልዩ መጠነ ቁስ ያላቸው ብረቶች እየተንጠለጠሉ ስፕሪንጉ ምን ያህል እንደተለጠጠ ይለካል። ተማሪው ከልኬቶቹ ያገኘውን ውጤት በላቲን ፊደላት «ኤክስ = 0.40 ኤም» ብሎ ጽፎታል። ኤክስ የመለጠጡ መጠን ነው። እኔም በኅዳጉ ላይ «12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ስፕሪንግ በምን ተአምር 40 ሳንቲ ሜትር ይለጠጣል?» ብዬ ጽፌ ከሃያው ነጥብ አራቱን ቀነስሁ።

በማግሥቱ ተማሪው ዘገባውን ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። «ዶክተር፣ ይህ ‹ኤም› እኮ ሜትር አይደለም፤ መጠነ ቁስ ነው» አለኝ በትሕትና። እውነቱን ነበር። መስመሩ የሚለው «መለጠጡ በሜትር ሲለካ፣ በኪሎ ግራም የተለካው መጠነ ቁስ 0.40 እጥፍ ነው» ነው። ግማሽ ኪሎ ሲንጠለጠል ስፕሪንጉ 20 ሳንቲ ሜትር ይለጠጣል ማለት ነው፤ ሰንጠረዡም ይህንኑ ያሳያል። ነጥቡን መለስሁለት። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ሃያ ዓመት ያህል ከእነዚህ ምልክቶች ጋር የኖርሁ ሰው እንዴት መጠነ ቁስን ሜትር ብዬ ላነብ ቻልሁ?

መልሱ ዘገባው ላይ ነበር። ከሽፋኑ እስከ መጨረሻው ገጽ በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፏል። ፊደሉ ተረከዙ ወፍራም፣ ማዕዘኑ የዶለዶመ፣ ቁመናው ወደ ቀኝ ዘመም ያለ ነው። «ለምን መረጥኸው?» ብለው «ያምራል ብዬ ነው» አለኝ። በእርግጥም ያምራል። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ግን የፊደል ቅርጽ እንደ ቤተ ሙከራ መሣሪያ ሥራ ያለው ነገር መሆኑን፣ በተለይም በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ የፊደል መዝመም ትርጉም ተሸካሚ እንጂ ጌጥ አለመሆኑን ነው።

የሦስቱ ጠባዮች አመጣጥ

ተማሪዬ የመረጠው ፊደል ሦስት ጠባዮችን አጣምሮ የያዘ ነው። ሦስቱም የተወለዱት በተለያየ ዘመንና በተለያየ ምክንያት ስለሆነ አንድ በአንድ ብናያቸው ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ጠባይ ወፍራሙ ተረከዝ ነው። በላቲን ፊደል ዘንግ ጫፍ ላይ የሚቀመጠውን አግድም ጭረት የኅትመት ባለሙያዎች «ሰሪፍ» ይሉታል፤ ውፍረቱ ከዘንጉ ጋር የሚቀራረብ ሲሆን ደግሞ «ስላብ ሰሪፍ» ይባላል። ይህ ቅርጽ በለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1810ዎቹ በኅትመት ገበያ ላይ ታየ፤ ቪንሰንት ፊጊንስ የተባለው ፊደል ቀራጭ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ዘመኑ ፋብሪካና ንግድ የተስፋፋበት፣ በየግድግዳው የሚለጠፍ ማስታወቂያ የበዛበት ነበር። የመጽሐፍ ፊደል ቀጫጭን ጭረቶች ከሩቅ ሲታዩ ይጠፋሉ፤ ስለዚህ ከመንገድ ማዶ ለሚያነብ ሰው ጭረቱ ሁሉ እንዲወፍር ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1845 እዚያው ለንደን የወጣው ክላረንደን የተባለው ፊደል ደግሞ ሌላ ሥራ ተሰጠው፤ በመዝገበ ቃላትና በመሳሰሉት መጻሕፍት ውስጥ ከተራው ፊደል ጎን ቆሞ ዋናውን ቃል ነጥሎ ያሳይ ጀመር። ስላብ ሰሪፍ ገና ከጅምሩ የጩኸትና የመለየት መሣሪያ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ጠባይ የማዕዘኑ መዶልዶም ነው። ይህን መልክ በሰፊው ያስተዋወቀን የጽሕፈት መኪና ነው። በጽሕፈት መኪና ላይ የብረት ፊደል ቀለም የተነከረ ጥብጣብን መትቶ ወረቀት ላይ ያርፋል። ጥብጣቡ ጨርቅ፣ ወረቀቱም ለስላሳ ስለሆነ ቀለሙ በጥቂቱ ይሰፋል፤ ሹል ማዕዘንም ክብ ሆኖ ይወጣል። ወፍራሙ ተረከዝም እዚህ አዲስ ጥቅም አገኘ። መኪናው ለእያንዳንዱ ፊደል የሚራመደው እኩል እርምጃ ነው፤ በተለመደው መለኪያ በአንድ ኢንች ላይ አሥር ፊደል ያርፋል፤ ይህም ለአንድ ፊደል 2.54 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ሰፊው «ኤም» በዚህች ቦታ ይጨናነቃል፤ ቀጭኑ «አይ» ደግሞ በባዶ ቦታ መካከል ብቻውን ይቆማል። ለ«አይ» ረጅም ተረከዝ ሲሰጠው ባዶው ይሞላል። ሃዋርድ ኬትለር ለአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የነደፈው ኩሪየር የዚህ ዓይነት ፊደል ነው። እስከ ዛሬ በየኮምፒዩተሩ ላይ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካን ታይፕራይተር የተባለው ፊደል ሲወጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ፊደላቱ የየራሳቸው ስፋት አላቸው፤ ጥብጣብም ብረትም የለባቸውም። ክብ ማዕዘኑ የመኪናው ትዝታ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሚልተን ግሌዘር በ1970ዎቹ ለኒው ዮርክ የነደፈው፣ ቀይ ልብ ያለበት ዝነኛ ምልክት የተጻፈው በዚህ ፊደል ነው። ወዳጅነትንና ሞቅታን ለማሳየት ለስላሳው ቅርጽ ተስማሚ ነበርና ምርጫው አስገራሚ አይደለም።

ሦስተኛው ጠባይ መዝመሙ ነው። ኢታሊክ የሚባለው ዘመም ያለ ፊደል ስሙን ያገኘው ከትውልድ አገሩ ከኢጣልያ ነው። የቬኒሱ አሳታሚ አልዱስ ማኑቲዩስ እ.ኤ.አ. በ1501 የቨርጂልን ግጥሞች ሙሉ በሙሉ በዚህ ፊደል አትሞ አወጣ። ፊደሉን የቀረጸለት ፍራንቼስኮ ግሪፎ ሲሆን፣ አብነቱ የዘመኑ ሊቃውንት ፈጠን ያለ የእጅ ጽሕፈት ነበር። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ዘመም ያለው ፊደል ራሱን የቻለ የመጽሐፍ ፊደል ነበር። ከቁሙ ፊደል ጋር ተጣምሮ ቃልን ነጥሎ ማሳያ የሆነው ቀስ በቀስ፣ በኋላ ዘመን ነው።

ዓይን ምን ያህል ያያል?

«ክብ ማዕዘኑ ንባብን ያለሰልሳል» የሚል አስተያየት አዘውትሬ እሰማለሁ። ይህን በቀላል ስሌት መፈተን ይቻላል። ጤናማ ዓይን ለይቶ የሚያየው ትንሹ ማዕዘን አንድ የዲግሪ ደቂቃ፣ ማለትም የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ያህል ነው። ወረቀት በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ስናነብ ይህ ማዕዘን ገጹ ላይ 0.12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። አሁን አሥር ነጥብ መጠን ያለውን ፊደል እንውሰድ። የነጥብ መጠን የኢንች ሰባ ሁለተኛ በመሆኑ የፊደሉ ሙሉ ቁመት 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። የማዕዘኑ ክብነት ሬዲየስ የዚህ አንድ አርባኛ ቢሆን 0.09 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ዓይን ሊለየው ከሚችለው በታች ነው። ስለዚህ በመደበኛ የንባብ መጠን ክብ ማዕዘኑ መኖሩም አለመኖሩም ለዓይናችን ያን ያህል ልዩነት የለውም፤ ገጹን ጥቂት ያደበዝዘው እንደሆነ እንጂ።

ይኸው ፊደል በስድሳ ነጥብ መጠን ርእስ ላይ ሲቀመጥ ግን የክብነቱ ሬዲየስ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያልፋል፤ ከአንድ ሜትር ከሰባ ርቀት ላይ እንኳ ሊታይ ይችላል። መልእክቱ ግልጽ ነው። የዶለዶመ ማዕዘን ለርእስ፣ ለፖስተርና ለሽፋን የተገባ ጠባይ ነው፤ ለዘገባው ሐተታ አይደለም።

በዚሁ አጋጣሚ አዳራሽ ውስጥ ጥናት ለምታቀርቡ አንድ ምክር ልጨምር። በዓይን ምርመራ ሰሌዳ ላይ ጤናማ ዓይን ሊያነበው የሚገባው ትንሹ ፊደል አምስት የዲግሪ ደቂቃ ቁመት አለው። የመጨረሻው ረድፍ ከሸራው 10 ሜትር ቢርቅ፣ ይህ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያለ ጭንቀት እንዲነበብ ከተፈለገ ቢያንስ እጥፉን አድርጉት። የፊደሉን ዓይነት ከመምረጣችሁ በፊት መጠኑን አስሉ።

መዝመም ትርጉም ሲሆን

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ፈረንሳይ አገር በሴቭር የሚገኘው ዓለም አቀፉ የክብደትና የመለኪያ ቢሮ የአሃዶችን ሥርዓት የሚደነግግ መጽሔት አለው፤ ዘጠነኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል። በውስጡ ያለው አንድ ሕግ አጭር ነው፤ የሚለካ መጠን ምልክት በዘመመ ፊደል፣ የአሃድ ምልክት በቆመ ፊደል ይጻፋል።

ይህ ሕግ ለምን እንዳስፈለገ ለማየት የላቲን ፊደል ሃያ ስድስት ብቻ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ፊዚክስ ከዚያ እጅግ የሚበልጡ ስሞች ያስፈልጉታል። ስለዚህ አንድ ፊደል ሁለት ሥራ ይሠራል። የዘመመው «ኤም» መጠነ ቁስ፣ የቆመው ሜትር ነው። የዘመመው «ጂ» የመሬት ስበት ፍጥንጥነት፣ የቆመው ግራም ነው። የዘመመው ትልቁ «ደብሊዩ» ሥራ፣ የቆመው ዋት ነው። የዘመመው ትልቁ «ሲ» የኮንደንሰር አቅም፣ የቆመው ኩሎምብ ነው። የዘመመው «ኤች» የፕላንክ ቋሚ ቁጥር፣ የቆመው ሰዓት ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ከአሥር ዲግሪ ብዙም የማይበልጥ የዘንግ ማዘንበል ብቻ ነው።

የኮምፒዩተር ዓለምም ይህን ተቀብሎታል። የዓለምን ጽሕፈቶች ሁሉ በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው እትም ለሒሳብ የሚያገለግሉ ዘመም ያሉ የላቲን ፊደላትን እንደ ተለዩ ምልክቶች መዝግቧል። ተራ ጌጥ ቢሆኑ ኖሮ የራሳቸው ቁጥር ባልተሰጣቸው ነበር። ከእነዚህ መካከል የትንሹ ዘመም «ኤች» ቦታ ባዶ ነው። ምክንያቱም ያ ፊደል አስቀድሞ «የፕላንክ ቋሚ ቁጥር» በሚል ስም በሌላ ቦታ ተመዝግቦ ስለነበር ነው። አንድ ዘመም ያለ ፊደል ራሱን የቻለ የፊዚክስ ስም ሆኖ የተመዘገበበት ማስረጃ ይኸውላችሁ።

እንግዲህ የተማሪዬ ዘገባ ችግር የት እንደነበር መረዳት አያዳግትም። እንቅስቃሴ የሚታወቀው ከማጣቀሻ አንጻር ነው። በአንድ አውቶቡስ ውስጥ በእኩል ፍጥነት የሚጓዙ ተሳፋሪዎች አንዱ ሌላውን ሲያየው የቆመ ይመስለዋል። እንደዚሁም በአንድ ገጽ ላይ ያለው ሁሉ ሲዘም ምንም የዘመመ ነገር የለም። ሜትርም ዘመመ፣ መጠነ ቁስም ዘመመ፤ ልዩነቱ ዜሮ ሆነ። እኔም ያነበብሁት የለመድሁትን ነው፤ ከቁጥር አጠገብ የተቀመጠ «ኤም» ሜትር መሰለኝ።

ፍትሐዊ ለመሆን የተማሪውም ድርሻ መነገር አለበት። 0.40 አሃድ የሌለው ቁጥር አልነበረም፤ «ሜትር በኪሎ ግራም» የሚል አሃድ ነበረውና መጻፍ ነበረበት። ያን ቢጽፍ ኖሮ ምንም ዓይነት ፊደል ቢጠቀም አልሳሳትም ነበር። እኔም ሰንጠረዡን ሳላመሳክር ነጥብ መቀነሴ ጥፋት ነው። ጥሩ አጻጻፍ ዋጋው የሚታየው ግን ልክ በዚህ ቦታ ነው፤ አንዱ ጥበቃ ሲላላ ሌላው ይይዛል።

ሕጉ ወይስ ልዩነቱ?

አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ዘመም ያለ ፊደል የግድ ነውን?» ሊል ይችላል። ከሕጉ በስተጀርባ ያለው ዓላማ ልዩነትን መጠበቅ ነው። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ግራሃም፣ ክኑትና ፓታሽኒክ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተሙት «ኮንክሪት ማቴማቲክስ» የተባለው መጽሐፍ ነው። ቴክ የተባለውን የሒሳብ ጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም የፈጠረው ዶናልድ ክኑት፣ ለዚህ መጽሐፍ ሐተታ አንድ ስላብ ሰሪፍ ፊደል አዘጋጀ። የሒሳቡ ምልክቶች ግን ሄርማን ዛፕፍ በነደፈውና በታላቁ የሒሳብ ሊቅ በኦይለር ስም በተጠራው ፊደል ተጻፉ። የኦይለር ፊደል አይዘምም፤ አንድ እጀ መልካም የሒሳብ መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የሚያወጣውን ቅርጽ ይመስላል። ጠንከር ያለ በመሆኑም ከተለመደው ቀጭን የመጽሐፍ ፊደል ይልቅ ወፍራም ተረከዝ ያለው ፊደል ተስማማው።

እዚያ መጽሐፍ ላይ ምልክቶቹ ባይዘሙም ከሐተታው ጋር አይምታቱም፤ ሁለቱ ፊደላት በጠባይ ይለያያሉና። ስላብ ሰሪፍም ለቁም ነገር የሳይንስ መጽሐፍ ሊያገለግል እንደሚችል ያሳያል። የሚፈለገው አስቦ መምረጥ ነው።

የራሳችን ፊደልስ?

በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አንድ ቁልፍ ሲነካ የግእዙንም ፊደል ያዘሙታል። ይህ ግን በአብዛኛው በእጅ የተነደፈ ዘመም ፊደል አይደለም፤ መኪናው የቆመውን ቅርጽ ገፍቶ ያጋደለው ነው። በ12 ዲግሪ ሲጋደል የፊደሉ ራስ የቁመቱን አንድ አምስተኛ ያህል ወደ ቀኝ ይሸሻል። በላቲን ይህ ብዙ አይጎዳ ይሆናል። በእኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚወስነው እግርና ክንድ ነው። «ሳ» ቀኝ እግሩን፣ «ሶ» ግራ እግሩን ያስረዝማል፤ ልዩነታቸው በእግር ርዝመት ላይ ብቻ የተመሠረተ ነው። ማጋደሉ አንዱን ወደ ሌላው ባይለውጠውም፣ ዓይን የሚመካበትን ቀጥ ያለ ማጣቀሻ ይነሣዋል። በትንሽ መጠንና በደካማ ማተሚያ ሲሆን ጉዳቱ ይበረታል።

አባቶቻችን ቃልን ነጥለው ለማሳየት ፊደልን ማዝመም አላስፈለጋቸውም። በብራና መጻሕፍት ላይ ቅዱሳት ስሞች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ፤ ፊደሉ ግን እንደቆመ ነው። እኛም ቀለም ባይኖረን ማወፈር፣ በጥቅስ ምልክት ማቀፍ ወይም ከሥር ማስመር እንችላለን።

ከዚህም በላይ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት መያዛችን ለሳይንስ ጽሑፍ በረከት ነው። በአማርኛ የሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ የመጠኑን ምልክት በዘመመ የላቲን ፊደል፣ አሃዱን ደግሞ «ሜትር»፣ «ኪሎ ግራም» ብለን በራሳችን ፊደል ብንጽፍ፣ እኔን ያሳሳተኝ ዓይነት ስሕተት ከሥሩ ይደርቃል። የቆመው የግእዝ ፊደል መካከል የገባ ዘመም የላቲን ምልክት ወዲያው ይታያል።

ምን እናድርግ?

ክብና ዘመም ያለው ባለ ወፍራም ተረከዝ ፊደል ሥራ የለውም አልልም። ለሳይንስ ክበብ ማስታወቂያ፣ ለመጽሔት ሽፋን፣ ለአጭር ጥቅስ፣ ለግብዣ ወረቀት እጅግ የተገባ ነው፤ ፈገግታ አለው፣ ከሩቅም ይነበባል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለምትጽፉም እኩል ስፋት ያላቸው ባለ ተረከዝ ፊደላት «አይ»ን፣ ትንሹን «ኤል» እና ቁጥር 1ን ለመለየት ይረዳሉ፤ የማብራሪያ መስመሮችን ማዝመምም ከትእዛዙ ይለያቸዋል። ሚዛን ለክብደት፣ ማስመሪያ ለርዝመት እንደሚሆን ሁሉ ለእያንዳንዱ ፊደልም ቦታ አለው።

«ቤተ ሙከራችን መሣሪያ አጥሮት ሳለ ስለ ፊደል ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ። እኔ የማስበው ተቃራኒውን ነው። ለኦሲሎስኮፕ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፤ መጠንን አዝምሞ አሃድን አቁሞ ለመጻፍ ግን አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። መሣሪያችን ጥቂት ከሆነ በብዙ ድካም የተገኘው ልኬት በአጻጻፍ ጉድለት እንዳይባክን የበለጠ መጠንቀቅ ይገባናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት የቤተ ሙከራ መመሪያ ላይ አንድ ገጽ ለዚህ ጉዳይ እንዲመደብ ሐሳብ አቀርባለሁ። ይዘቱ ሦስት ነጥብ ቢሆን ይበቃል። ሐተታው በቆመ ፊደል ይጻፍ፤ የመጠን ምልክት ይዝመም፣ አሃድ ይቁም፤ የሰንጠረዥ ራስጌ ላይ መጠኑ ለአሃዱ ተካፍሎ ይጻፍ። በእጅ ለሚጽፍና ለአንደኛ ደረጃና ለሁለተኛ ደረጃ መምህራንም ሦስተኛው ነጥብ ብቻውን ብዙ ስሕተት ያስቀራል።

ያ ተማሪ በሚቀጥለው ወር ሌላ ዘገባ አመጣልኝ። የሽፋኑ ርእስ በዚያው በሚወደው ክብና ዘመም ፊደል፣ በትልቁ ተጽፏል። ውስጡን ስገልጥ ሐተታው ቆሟል፤ ምልክቶቹ ዘመዋል፤ ከ«ኤም» ፊት ያለው ቁጥርም አሃዱን ይዟል። በዚያ ቀን ቀዩን እስክሪብቶ ያነሣሁት ስሙ አጠገብ ሃያውን ነጥብ ለመጻፍ ነበር።